ታላቁ የአሜሪካ ኢንዲ ሮክ አልበም የትኛው ነው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች ሲገናኙ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ እዚሁ ላይ ይወድቃል፤ አንድ አልበም ብቻ ምረጥ ብትባል የትኛውን ትመርጣለህ? እዚህ ገጽ ላይ ለዚህ ጥያቄና ከጎኑ ለሚነሡት መልስ ሰጥቻለሁ። ምርጫዬን አልደብቅም፤ ተፎካካሪዎቹንም የሚገባቸውን ክብር አልነፍግም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኢንዲ ሮክ የሚባለው የትኛው ሙዚቃ ነው?

ኢንዲ ማለት ኢንዲፔንደንት፣ ነፃ ማለት ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የሙዚቃ ገበያ በጥቂት ግዙፍ ኩባንያዎች እጅ ነበር። ሬዲዮውም፣ የሸክላ መደብሩም፣ ትልቁ አዳራሽም በእነሱ በኩል ላልመጣ ሰው በሩ አይከፈትም። ፐንክ የሚባለው ፈጣንና ጥሬ የሮክ ዓይነት ሲመጣ ጊታር በቅጡ ያልለመዱ ልጆች ሁሉ ባንድ አቋቋሙ፤ የሚያሳትምላቸው ሲያጡ ደግሞ ሙዚቃ ቤቱንም ራሳቸው ከፈቱት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ብላክ ፍላግ የተባለው የፐንክ ባንድ ጊታሪስት ግሬግ ጊን ኤስ.ኤስ.ቲ የተባለውን ሙዚቃ ቤት በ1978 ጀመረ። ስሙን የወሰደው በልጅነቱ የሬዲዮ ዕቃ በፖስታ ይሸጥበት ከነበረው አነስተኛ ንግድ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ኢያን መካይና ጄፍ ኔልሰን የሚባለው ጓደኛው ዲስኮርድን በ1980 አቋቋሙ። የመጀመሪያዋን ሸክላ ያሳተሙት ባንዳቸው ከትርኢት ባጠራቀመው ገንዘብ ነው፤ ሽፋኑንም በእጃቸው እየቆረጡ፣ እያጠፉ፣ እያጣበቁ ነው ለገበያ ያበቁት። ትዊን ቶን በሚኒያፖሊስ ከ1977 ጀምሮ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ተች ኤንድ ጎ በቺካጎ፣ ሰብ ፖፕ በሲያትል፣ ማታዶር በኒው ዮርክ፣ መርጅ በኖርዝ ካሮላይና ተከተሉ።

እነዚህ ሙዚቃ ቤቶች ያሳተሙትን የሚያጫውቱት ተማሪዎች የሚመሯቸው የኮሌጅ ሬዲዮ ጣቢያዎች ነበሩ። ወሬው በፎቶ ኮፒ በሚባዙ ትናንሽ መጽሔቶች ይዛመታል። ባንዶቹም አንድ አሮጌ ቫን ውስጥ ከነዕቃቸው ታጭቀው ከከተማ ከተማ ይዞራሉ፤ ማታ ማታ ትርኢቱን ሊያይ የመጣ ሰው ቤት ወለል ላይ ያድራሉ። ኢንዲ ሮክን የወለደው ይህ መረብ ነው። ኋላ ላይ ስያሜው ከግዙፍ ኩባንያ ጋር ለተፈራረመውም፣ ጊታሩን በተወሰነ ስልት ለሚጫወት ሁሉም ዋለ። እኔ እዚህ የምይዘው የመጀመሪያውን ነው፤ ሙዚቃው ብቻ ሳይሆን የተሠራበትም መንገድ ይቆጠራል።

ለምን የአሜሪካ ብቻ?

እንግሊዝም ኒው ዚላንድም ካናዳም የየራሳቸው ታሪክ ስላላቸው ነው። ለምሳሌ የአርኬድ ፋየር "ፊውነራል" ብዙ ጊዜ የአሜሪካ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ባንዱ ግን የሞንትሪያል ነው፣ የአሜሪካ የሆነው ያሳተመው መርጅ ነው። ፒክሲስ ደግሞ የቦስተን ልጆች ሆነው ያሳተማቸው የእንግሊዙ ፎር ኤ.ዲ ነው። ፒክሲስን አስገባለሁ፣ አርኬድ ፋየርን አስቀራለሁ፤ ድንበሩ ላይ ከዚህ በላይ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

አንድ አልበም በምን ይለካል? በሽያጭ? በተጽዕኖ?

ሽያጭ እዚህ ሚዛን አይሆንም። ከእነዚህ አልበሞች አብዛኞቹ ሲወጡ የተሸጡት በጥቂት ሺዎች ነው። ተጽዕኖም ብቻውን አያሳምነኝም። ስንት ባንድ ኮረጀው ብሎ መቁጠር የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ነው፤ አድማጭ ግን ቁጭ ብሎ የሚሰማው ያንን አልበም እንጂ የኮረጁትን አይደለም።

እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። ያንኑ አልበም አንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ወስዶ የሚያስተካክለው ፕሮዲዩሰር ቢሰጡት ምን ያህሉ ይጠፋል? ፕሮዲዩሰሩ ዘፈኑ አጠረ ይላል፣ ረዘመ ይላል፣ ድምፃዊው አይዘፍንም ይላል፣ ጊታሩ ቀጠነ ይላል። ምንም የማይጠፋበት አልበም ጥሩ የሮክ አልበም ሊሆን ይችላል። ሁሉ ነገሩ የሚጠፋበት ግን ነፃነቱን ከዜማውና ከቅንብሩ ጋር አብሮ የያዘ ነው። በዚያ ላይ ታሪኩን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው ድንገት ሲሰማው ጆሮውን መያዝ አለበት። ማብራሪያ ካልተነበበ የማይጥም አልበም ከዝርዝሩ ይውጣ።

ታዲያ የእርስዎ ምርጫ የትኛው ነው?

የሚኒትሜን "ደብል ኒክልስ ኦን ዘ ዳይም"፣ ጁላይ 1984፣ ኤስ.ኤስ.ቲ።

ሚኒትሜን ሦስት ናቸው፤ ዲ. ቡን ጊታርና ድምፅ፣ ማይክ ዋት ቤዝ፣ ጆርጅ ሀርሊ ድራም። የመጡት በሎስ አንጀለስ ደቡብ ጫፍ ካለችው የወደብ ሰፈር ከሳን ፔድሮ ነው። ዋትና ቡን የተገናኙት ልጆች እያሉ መናፈሻ ውስጥ ነው፤ ቡን ጦርነት እየተጫወተ ከዛፍ ላይ ሲዘል ያረፈው ዋት ላይ ነበር። የዋት አባት የባሕር ኃይል ሰው ስለሆነ ልጁ ያደገው በመንግሥት የወታደር መኖሪያ ነው። ሰፈሩ አስቸጋሪ ስለነበር የቡን እናት ልጆቹ ከትምህርት ቤት መልስ ውጭ ከሚውሉ እቤት ሙዚቃ ቢለማመዱ ይሻላል አለች፤ ዋትንም ቤዝ ተጫወት ያለችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አልተለያዩም።

በ1983 መጨረሻ ቬኒስ በሚባለው ሰፈር ሬዲዮ ቶኪዮ ከተባለ አነስተኛ ስቱዲዮ ገብተው ከኢታን ጄምስ ጋር አንድ አልበም የሚሞላ ሥራ ቀረጹ። ወዲያው ያው ኤስ.ኤስ.ቲ የሚያሳትማቸው የሚኒያፖሊሶቹ ሁስከር ዱዎች ሁለት ሸክላ የሚሞላ አልበም መቅረጻቸውን ሰሙ። እነሱም ወደ ቤት ተመልሰው ሌላ ሸክላ የሚሞላ ዘፈን ጻፉ፤ ግጥም ሲያልቅባቸው ጓደኞቻቸውን ለመኑ፤ በኤፕሪል 1984 ተመልሰው ቀረጹት። ሚክሲንጉ (የተቀረጹትን ድምፆች ማዋሐዱ) ያለቀው በአንድ ሌሊት ነው። ዋት እንደሚለው ለጠቅላላው ያወጡት 1,100 ዶላር ገደማ ነው። ሽፋኑ ላይ ለሁስከር ዱዎች የወዳጅነት ጎንተል የምታደርግ አንዲት መስመር ጻፉ።

ከ40 የሚበልጡ ዘፈኖች አሉበት፤ አብዛኞቹ ሁለት ደቂቃ አይሞሉም። አንድ ሐሳብ ይነሣል፣ ይባላል፣ ያልቃል፤ አዝማች የሚደጋግም የለም። ፈንክ አለ፣ ጃዝ አለ፣ ካንትሪ አለ፣ የሜክሲኮ ድንበር ዜማ አለ፣ ቡን ብቻውን በክላሲካል ጊታር የሚጫወታት ትንሽ ቁራጭም አለች። ፐንክ ማለት በዚህ አልበም የተወሰነ ድምፅ አይደለም፤ የፈለግኸውን ተጫወት የሚል ፈቃድ ነው።

ጆሮ ሰጥቶ መስማት የሚገባው የቡን ጊታር ነው። ወፍራሙን ድምፅ ከአምፕሊፋየሩ ላይ ሙሉ በሙሉ ቀንሶ ቀጭኑን ብቻ ትቶታል። ሆን ብሎ ነው። የሮክ ጊታሪስት ሌላውን ሁሉ ውጦ መሐል መድረክ የሚቆምበትን ልማድ አይወድም ነበርና፣ ከታች ያለውን ቦታ ለዋት ቤዝና ለሀርሊ ድራም ለቀቀላቸው። ሦስቱም እኩል ይሰማሉ። ስለ እኩልነት የሚዘፍን ባንድ ብዙ ነው፤ የአምፕሊፋየሩን ቁልፍ በዚያ ሐሳብ ያዞረ ግን ከሚኒትሜን ሌላ አላውቅም። ለእኔ ምርጫውን የቆረጠልኝ ይህ ነው።

ግጥሞቹም ከሕይወታቸው የወጡ ናቸው። "ኮሮና" የተነሣችው ሜክሲኮ ሄደው ባሕር ዳር ላይ ባዶ ጠርሙስ የምትለቅም ድሃ ሴት ካዩ በኋላ ነው፤ ጠርሙሱን መልሳ ሳንቲም ልታገኝበት ነው። "ዚስ ኤይንት ኖ ፒክኒክ" ቡን መኪና ዕቃ መሸጫ ውስጥ ሲሠራ አለቃው የጥቁሮችን ሙዚቃ የሚያጫውት ጣቢያ እንዳይከፍት የከለከለው ጊዜ የወለዳት ናት። "ሂስትሪ ሌሰን፣ ክፍል ሁለት" ደግሞ ረጋ ያለች ዘፈን ናት። ቡን እሱና ዋት ለዓመታት አብረው እንደተጫወቱ፣ ፐንክ ሕይወታቸውን እንዴት እንደቀየረው ለአድማጩ እንደ ጓደኛ ይተርካል። ያን ሰምቶ ባንድ ያቋቋመ ስንቱ ነው።

ሽፋኑ ላይ መኪና የሚነዳው ማን ነው? ታሪክ አለው?

ዋት ነው፣ የራሱን ቮልስዋገን እየነዳ። ፎቶውን ከኋላ ወንበር ሆኖ ያነሣው ጓደኛቸው ነው። በአንድ ፍሬም ሦስት ነገር እንዲገባ ፈለጉ፤ በመስታወት የሚታየው የዋት ዓይን፣ የሳን ፔድሮ መውጫ ምልክት፣ በሰዓት በትክክል 55 ማይል የሚያሳይ የፍጥነት መለኪያ። ያን ለማግኘት በዚያው መንገድ እየዞሩ ደጋግመው መንዳት ነበረባቸው። 55 ማይል ያኔ በመላ አገሪቱ የተፈቀደው ትልቁ ፍጥነት ነው። ዋት ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ሳሚ ሄገር የተባለው የሮክ ዘፋኝ በ55 መንዳት አልችልም እያለ ሲዘፍን እነሱ፣ "መኪናውን በሕጉ መንዳት አይከብደንም፣ ዐመፁን ሙዚቃው ላይ እናድርገው" ማለታቸው ነው።

አራቱ የሸክላ ገጾችም የየራሳቸው ባለቤት አላቸው። ሦስቱ ዕጣ ተጣጥለው እያንዳንዱ የራሱን ገጽ ዘፈኖች መረጠ፤ ገጹ የሚጀምረውም በመራጩ መኪና ሞተር ድምፅ ነው። ማንም ያልመረጣቸው ተሰብስበው አራተኛው ገጽ ላይ ገቡ፤ እሱንም ገለባ ብለው ሰየሙት። አለቃ ያለበት ባንድ እንዲህ አያደርግም።

"ዜን አርኬድ"ስ? ብዙ ሰው እሱን ያስቀድማል።

የሚያስቀድሙት ሰዎች አልተሳሳቱም፤ እኔም ሁለቱን ሳወዳድር ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። ሁስከር ዱዎች ከቤቱ ኮብልሎ የወጣን ወጣት ታሪክ በሁለት ሸክላ ተረኩ። ሬዶንዶ ቢች ውስጥ ገብተው ከሁለት ዘፈን በቀር ሁሉንም በመጀመሪያው ሙከራ ቀረጹት፤ ቀረጻውና ሚክሲንጉ በጠቅላላ 85 ሰዓት ገደማ ወሰደ፣ ወጪውም 3,200 ዶላር ነበር። ጊታሪስቱ ቦብ ሞልድ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል፤ ድራመሩ ግራንት ሃርት ደግሞ በአኩስቲክ ጊታር አጭር፣ ጣፋጭ፣ ቁጡ የመለያያ ዘፈን ይዞ ብቅ ይላል። መጨረሻ ላይ ድምፃዊ የሌለው 14 ደቂቃ የሚጠጋ ማዕበል አለ። ጩኸት ብቻ የሚያውቀውን የሃርድኮር ሙዚቃ ፒያኖ፣ ወደ ኋላ የሚዞር ቴፕ፣ እውነተኛ ዜማ ያስገቡበት እነሱ ናቸው።

ሙዚቃ ቤቱ ግን ይሸጣል ብሎ ስላላመነ ያሳተመው ጥቂት ሺህ ብቻ ነበር፤ ባንዱ እየዞረ በሚጫወትበት ወቅት አልበሙ ከመደብር ጠፋ። ነፃ ሙዚቃ ቤት ማለት ሁልጊዜ ደግ ማለት እንዳልሆነ ይህ ያስታውሰናል። ኤስ.ኤስ.ቲ ኋላ ላይ ከስንት ባንዶቹ ጋር በክፍያ ተጣልቷል።

ወደ ሁለተኛነት ያወረድኩት በድምፁ ምክንያት ነው። ሦስተኛው ገጽ አካባቢ ጊታሩ እንደ ጭጋግ ተዘርግቶ ግጥሙንም ድራሙንም ይሸፍነዋል። የሚኒትሜን አልበም በሲሶው ገንዘብ ተሠርቶ እያንዳንዱ ክር ይሰማል።

1984 ለምን ይህን ያህል ተለየ?

በአንድ ዓመት ውስጥ "ዜን አርኬድ"፣ "ደብል ኒክልስ"፣ የሚት ፐፔትስ ሁለተኛ አልበምና የሪፕሌስመንትስ "ሌት ኢት ቢ" ወጡ። መረቡ በስሎ ነበር፤ ባንዶቹ ለዓመታት መንገድ ላይ ተፈትነዋል፣ እርስ በርስ ይደማመጣሉ፣ ይፎካከራሉም። ሪፕሌስመንትስን በተለይ አለማንሣት አይቻልም። እንደ ባንዱ ዘፋኝ እንደ ፖል ዌስተርበርግ ስለ መሰልቸት፣ ስለ ብቸኝነት፣ ወንድ ሴት ስለመባል በየዋህነት የጻፈ ሰው በሮክ ውስጥ ጥቂት ነው። ችግሩ የአልበሙ ሲሶ ቀልድ መሆኑ ነው፤ ቀልዶቹን አውጥቼ ስሰማው አንደኛ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል።

"ዴይድሪም ኔሽን" በብዙ ዝርዝር አንደኛ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ስለሚገባው ነው። የኒው ዮርኮቹ ሶኒክ ዩዝ በ1988 የሠሩት ይህ ድርብ አልበም በ2002 ፒችፎርክ በተባለው የሙዚቃ ድረ ገጽ የ1980ዎቹ ምርጥ ተብሏል፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ለትውልድ ከሚያቆያቸው ቅጂዎች መዝገብ አስገብቶታል። ጊታሮቻቸውን በተለመደው መንገድ አይቃኙም፤ ለአንዳንዱ ዘፈን ለብቻው የተቃኘ ጊታር አለ፣ የድራም ዱላና ጠመንጃ መፍቻም ክሩ ሥር ይሰካሉ። ከዚያ የሚወጣው የብረት ደወል የመሰለ ድምፅ በሌላ መንገድ አይገኝም። የቀረጹበት ግሪን ስትሪት ስቱዲዮ የሂፕ ሆፕ ቤት ነበር፤ መሐንዲሱ ኒክ ሳንሳኖ ከፐብሊክ ኤነሚ ጋር የሠራ ሰው ነው። በሽፋኑ ያለችው አንዲት የበራች ሻማ የጀርመኑ ሠዓሊ የጌርሃርድ ሪሽተር ሥራ ናት።

እኔ ሦስተኛ አደርገዋለሁ። የመጀመሪያው ዘፈን "ቲን ኤጅ ራየት" ሰባት ደቂቃ የሚጠጋ ሆኖ አንድ ሰከንድ አይሰለችም። ከመሐል በኋላ ግን አንዳንዱ ዘፈን የሚታወሰው በድምፁ እንጂ በራሱ አይደለም። ብዙ ጓደኞቼ በዚህ አይስማሙም፤ የሚስማሙበት ነገር ቢኖር በትልቅ ድምፅ ማጉያ መሰማት እንዳለበት ነው፣ በስልክ ማዳመጫ ግማሹ ይጠፋል።

"ስፓይደርላንድ" ስድስት ዘፈን ብቻ ነው። እንዴት ይወዳደራል?

ስሊንት የሉዊቪል፣ ኬንታኪ ልጆች ናቸው፤ ሲቀርጹት ዕድሜያቸው ገና ወደ 20 ነበር። በኦገስት 1990 ቺካጎ ውስጥ በአራት ቀን ጨረሱት፣ አልበሙ በ1991 ከመውጣቱ በፊት ባንዱ ፈረሰ። ሽፋኑ ላይ አራቱም የድንጋይ መፍለጫ ጉድጓድ በሞላው ውኃ ውስጥ አንገታቸው ድረስ ገብተው ይታያሉ። ድምፃዊው አይዘፍንም፤ በሹክሹክታ ይተርካል፣ ባንዱም ለረጅም ጊዜ ዝግ ብሎ ቆይቶ ድንገት ይፈነዳል። ፕሮዲዩሰር ስቲቭ አልቢኒ ለእንግሊዙ የሙዚቃ ጋዜጣ ለሜሎዲ ሜከር ሲጽፍ አሥር ኮከብ ሰጠው። በዚያን ጊዜ የሰማው ሰው ጥቂት ነበር። በእኔ መለኪያ፣ ማለትም ኩባንያ ቢነካው ምን ይጠፋል በሚለው፣ ምናልባት ከሁሉም ይበልጣል። ወደ ታች ያወረድኩት ለአንድ ዓይነት ስሜት ብቻ የሚሆን በመሆኑ ነው፤ ከጓደኛ ጋር ቁጭ ብሎ የሚሰማ አይደለም።

በጥራት ያልተቀረጹት አልበሞች እውነት ይህን ያህል ጥሩ ናቸው? ወይስ ልማድ ነው?

ጥሩ የሆነው ጥሩ ነው። የጋይድድ ባይ ቮይስስ "ቢ ታውዘንድ" በ1994 የወጣው ከዴይተን፣ ኦሃዮ ነው። ሮበርት ፖላርድ ለዓመታት የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር፤ ዘፈኖቹን ጓደኞቹ ቤት ምድር ቤትና ጋራዥ ውስጥ በባለ አራት ትራክ የካሴት መቅረጫ ቀረጻቸው። ሃያ ዘፈን በ36 ደቂቃ። ቴፑ ይንሾካሾካል፣ አንዱ ዘፈን ላይ ጊታሩ ድንገት ይጠፋና ይመለሳል፤ ዜማው ግን እንዲያ ያለ ስለሆነ ልብ አይሉትም። የፔቭመንት "ስላንትድ ኤንድ ኢንቻንትድ" ደግሞ ስቶክተን፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በድራመሩ በጌሪ ያንግ የቤት ስቱዲዮ ተቀርጾ፣ በ1992 በማታዶር ከመታተሙ አስቀድሞ በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከርሟል። የስቲቨን ማልክመስ ዘፈን ግድ የሌለው ይመስላል፤ በጥሞና የሚሰማ ግን ቅንብሩ ምን ያህል እንደታሰበበት ያገኘዋል። ኋላ የመጡት ጥራት መቀነስን እንደ ጌጥ ሲለብሱት ነው ነገሩ የተበላሸው።

ዝርዝሩ ውስጥ ሴቶች የት አሉ?

ይህን ጥያቄ ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው፤ ዝርዝሮቹ ለዓመታት በድለዋቸዋልና። የሊዝ ፌር "ኤግዛይል ኢን ጋይቪል" በ1993 በማታዶር ወጥቶ በዚያው ዓመት በቪሌጅ ቮይስ ጋዜጣ የሐያሲዎች ምርጫ አንደኛ ሆኗል። 18 ዘፈን አለው፤ የጀመረው ወላጆቿ ቤት ብቻዋን በካሴት ከቀረጸቻቸው ዘፈኖች ነው። የቺካጎን የወንዶች የሙዚቃ ክበብ ከውስጥ ሆና የተመለከተች ሴት የምታየውን፣ የምትመኘውን፣ የሚያስቀይማትን ሳታለሳልስ ትናገራለች። ያኔ እንዲህ ያለ ግልጽነት ከወንድ ሲሆን ድፍረት፣ ከእሷ ሲሆን ነውር ተባለ። በእኔ ዝርዝር አራተኛ ነው።

የስሊተር ኪኒ "ዲግ ሚ አውት"ም (1997) አለ። ቤዝ የላቸውም፤ ሁለት ጊታር እርስ በርሱ ይጠላለፋል፣ ጃኔት ዋይስ አልበሙን በድራሟ ትሸከመዋለች፣ ኮሪን ታከር ስትዘፍን ጣሪያ ይንቀጠቀጣል። ሶኒክ ዩዝ ውስጥም ኪም ጎርደን፣ ፒክሲስ ውስጥም ኪም ዲል፣ ዮ ላ ቴንጎ ውስጥም ጆርጂያ ሃብሊ አሉ። እነሱን አውጥቶ ይህን ታሪክ መተረክ አይቻልም።

የኒርቫና "ኔቨርማይንድ" ለምን የለም? አር.ኢ.ኤምስ?

"ኔቨርማይንድ" ያሳተመው የጌፈን ኩባንያ ክፍል ስለሆነ ከዚህ ውድድር ውጭ ነው፤ በሰብ ፖፕ የወጣው "ብሊች" ደግሞ ከ"ኔቨርማይንድ" ያንሳል። የአር.ኢ.ኤም "መርመር" (1983) ውብ አልበም ነው፣ ለተከታዮቹ ሁሉ መንገድ ከፍቷል፤ ያሳተመው አይ.አር.ኤስ ግን በትልቁ ኤ ኤንድ ኤም በኩል ነበር የሚያከፋፍለው። ድንበር ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ወጣቶች ሁሉ የኒውትራል ሚልክ ሆቴልን አልበም ነው የሚያነሡት። ምን አላቸው?

"ኢን ዚ ኤሮፕሌን ኦቨር ዘ ሲ" በፌብሩዋሪ 1998 በመርጅ ሲወጣ በጥቂት ሺህ ቅጂ ነበር። የባንዱ መሪ ጄፍ ማንገም በናዚዎች ዘመን ያለቀችውን አይሁዳዊት ልጅ የአና ፍራንክን ማስታወሻ አንብቦ ልቡ ተሰብሮ ነው የጻፈው። አኩስቲክ ጊታር፣ ጥሩንባ፣ አኮርዲዮን፣ በቫዮሊን ቀስት የሚመታ መጋዝ አለበት፤ ድምፁን እስከ መጨረሻው አውጥቶ ይዘፍናል። አልበሙ ሰው እየደረሰው ሲመጣ እሱ ከሕዝብ ዓይን ራቀ። ፒችፎርክ ያኔ 8.7 ሰጥቶት ነበር፣ በ2005 እንደገና ሲታተም 10 ሰጠው፤ የሐያሲ ነጥብም እንደሚዋልል ከዚህ ይታያል። ለብዙዎች ይህ አልበም የመጀመሪያ ፍቅር ነው። እኔም እወደዋለሁ፤ ጥሩንባዎቹ ሲገቡ ዛሬም ጸጉሬ ይቆማል። አምስተኛ።

ከ2000 ወዲህ ያሉትስ?

የሚወዳደሩት ጥቂት ናቸው። የዊልኮ "ያንኪ ሆቴል ፎክስትሮት" ታሪኩ ይገርማል። አሳታሚያቸው ሪፕራይዝ አልበሙን አልፈልግም ብሎ ባንዱን አሰናበተ፤ ባንዱ በ2001 በድረ ገጹ ለሁሉ አሰማው፤ በ2002 ያሳተመው ነንሳች ደግሞ የዚያው የሪፕራይዝ ባለቤት ንብረት ነበር። አንድ ኩባንያ ለአንድ አልበም ሁለት ጊዜ ከፈለ። ሙዚቃው ድንቅ ነው፤ በስያሜ ግን ኢንዲ ሊባል አይችልም። በነፃ ሙዚቃ ቤት ከወጡት የኢንተርፖል "ተርን ኦን ዘ ብራይት ላይትስ" እና የሰፍያን ስቲቨንስ "ኢሊኖይ" አሉ፤ ከ1984ቱ ጋር ግን አላስተካክላቸውም።

ለእኛ ለሐበሾች ከዚህ ሙዚቃ ጋር የሚያገናኘን ነገር አለ?

አለ። በዳኒ መኮንን የተመሠረተው፣ ብሩክ ተስፋዬ የሚዘፍንበት የቦስተኑ ደቦ ባንድ በ2012 አልበሙን ያሳተመው ኔክስት አምቢያንስ በተባለ የሰብ ፖፕ ቅርንጫፍ ነው፤ የኒርቫናን የመጀመሪያ አልበም ባሳተመው ቤት ማለት ነው። የዋሊያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያም ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ሳለ የ1985 ሥራውን በ2013 እንደገና ለዓለም ያሰማለት ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለ አነስተኛ ነፃ ሙዚቃ ቤት ነው። ዋሽንግተን ላሉ ደግሞ ከዩ ስትሪት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር ጥቂት ደቂቃ ሄደው ናይን ሰርቲ ክለብን ያገኛሉ፤ የዲስኮርዶቹ ፉጋዚ የተጫወቱበት ቤት ነው። ፉጋዚ መግቢያውን ብዙውን ጊዜ 5 ዶላር ብቻ ያስከፍሉ ነበር፣ ልጆችም እንዲገቡ ሳይፈቀድ አይጫወቱም ነበር።

እንግሊዝኛዬ ብዙም አይደለም። መስማት ልጀምር ብል ከየት ልጀምር?

ቋንቋው አያግድዎትም፤ የአገሬው ሰውም ቢሆን ግማሹን ግጥም አይሰማውም። በ"ኮሮና" ይጀምሩ፣ ከዚያ "ሂስትሪ ሌሰን፣ ክፍል ሁለት"ን ያስከትሉ። መጀመሪያ ቤዙን ብቻ ይከታተሉ፤ ጊታሩ ከላይ እንዴት እንደሚጨፍር ያን ጊዜ ይገባል። አልበሙን በአንድ ቁጭታ መጨረስ ግዴታ አይደለም፤ አራት ገጽ ሆኖ የተሠራ ነውና አንድ አንድ ገጽ እየሰሙ ያሳርፉት። ከዚያ ወደ "ዜን አርኬድ" ይለፉ።

ዲ. ቡን አሁን የት ነው?

የለም። በዲሴምበር 22 ቀን 1985 አሪዞና በረሃ ውስጥ በቫን አደጋ ሞተ፤ 27 ዓመቱ ነበር። ባንዱ በዚያው አበቃ። ዋትና ሀርሊ አዲስ ባንድ አቋቁመው ቀጠሉ፤ ዋት ከዚያ ወዲህ ባሳተማቸው ሥራዎች ላይ የቡንን ስም ያነሣል።

ሙሉው አልበም በሲዲ ይገኛል?

ሙሉው አይገኝም። በሲዲ ሲወጣ ጥቂት ዘፈኖች ተቆርጠዋል፤ በ1987 የወጣው የመጀመሪያው ሲዲ ደግሞ ሚክሲንጉ ተቀይሮ ስለነበር ዋት ራሱ አልወደደውም። አራቱንም ገጽ እንደተሠሩት መስማት የሚፈልግ ሸክላውን ይፈልግ፤ ኤስ.ኤስ.ቲ እያሳተመ ስለሚሸጥ አሮጌ ቅጂ ማደን አያስፈልግም።